ቢጫው ጨርቅና ሱፐርማርኬቱ

ያን ዕለት ሱቄን እንደተቆለፈ ትቼ ከመንገዱ ማዶ ባልሻገር ኖሮ፣ ደሳለኝ የሚባል ምንም ያላጠፋ ሰው ሌባ ተብሎ አይያዝም ነበር። ጥፋቱ የማን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እናንተው ትፈርዳላችሁ። የራሴን ድርሻ ግን ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ፦ ጨርቁን ያለቦታው የጣልኩት እኔ ነኝ፤ መናገር ሲገባኝ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።

ሳህራ እባላለሁ። የተወለድኩት እዚሁ ሐርጌሳ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ በጦርነቱ ጊዜ እናቴ እጄን ይዛ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረችና ድሬዳዋ ላይ አደግኩ። ፊደል የቆጠርኩት በአማርኛ ነው፤ ከሰፈር ልጅ ጋር የተሰዳደብኩትም በአማርኛ ነው። ትልቅ ሆኜ ወደ አገሬ ስመለስ ሶማልኛዬን የሰማ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። ይሳቁ ብዬ ተውኳቸው። መሐመድ ሞጌ ሰፈር አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየሁ። እጄን ግራና ቀኝ ብዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ የምነካባት ሱቅ ናት። እዚያች ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ቆሜ ነገድኩ።

የምሸጠው በትንሽ በትንሹ ነው። ዘይት በብርጭቆ፣ ስኳር በሲኒ፣ የቲማቲም ድልህ በማንኪያ፣ ሽንኩርት በፍሬ። ደንበኞቼ የሰፈሩ ሴቶችና ከኢትዮጵያ ለሥራ የመጡ ሰዎች ናቸው። ከአያሃና ከሼክ ኑር ሰፈሮች በጠዋት እየተነሱ እኛ ሰፈር የሚሠራው ሕንፃ ላይ ድንጋይና ሲሚንቶ የሚሸከሙ ወንዶች አሉ። ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች አሉ፤ እነሱ በርበሬና ሽሮ ፍለጋ ይመጡና ዕቃውን ከገዙ በኋላም ቶሎ አይሄዱም። አማርኛ እስኪጠግቡ ያወራሉ። እኔም አቦ፣ ወሬ አልጠላም።

አሁን አንድ የከተማችንን ልማድ ልንገራችሁ፤ ያለሱ ታሪኬ አይገባችሁም። እዚህ ነጋዴ ለሶላት ሲሄድ ሱቁን አይቆልፍም። ዕቃው ላይ ጨርቅ ጣል አድርጎ ይሄዳል። ጨርቅ የተጣለበትን ነገር ማንም አይነካም። የእኔ ጨርቅ ቢጫ ነው፤ አንዱ ጫፉ በካውያ ተቃጥሏል። ክርስቲያን ደንበኞቼ ግን ችግር ነበረባቸው። የምሳ እረፍታቸው ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት ጋር ይገጥማል፤ እኔን ሲጠብቁ ሰዓታቸው ያልቅና አሠሪው ይቆጣቸዋል። ስለዚህ ለእነሱ የራሴን ሕግ አወጣሁ። ጨርቁ ተጥሎ ካገኛችሁት ገልጣችሁ የፈለጋችሁትን ውሰዱ፣ ዋጋውን ታውቁታላችሁ፣ ገንዘቡን ሚዛኑ ስር አድርጉት አልኳቸው። ይኸው ነው። እኔ መስጊድ ሆኜ ሱቄ ይሸጣል።

ከሁሉ በላይ በዚህ ሕግ የሚጠቀመው ደሳለኝ ነበር። የወሎ ሰው ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው። አያሃ ውስጥ ከአራት ጓደኞቹ ጋር በአንድ ክፍል ይኖራል፣ በአንድ ድስት ይበላሉ፣ ገበያተኛውም ወጥ ሠሪውም እሱ ነው። ረቡዕና ዓርብ ምስር፣ ሌላ ቀን ያገኘውን። ንግግሩ ቁጥብ ነው። እትዬ ሳህራ እያለ ይጠራኛል፣ ስንት ጊዜ አንቺ በለኝ ብለው እርስዎን አልተወም።

ሱፐርማርኬቱ የተከፈተው ልክ ከፊቴ ነው። ፎቁ ሲሠራ ወራት ሙሉ አቧራውን ስውጥ ኖሬ፣ የሠሩትም ሠራተኞች ውሃና ብስኩት ከእኔ ሲገዙ ከርመው፣ አንድ ቀን መስታወቱ ተገጠመና መብራቱ በራ። እውነቱን ልናገር፤ በመጀመሪያው ሳምንት እኔም ገባሁ። ቅዝቃዜው ደስ ይላል። ጋሪ እየገፋሁ ሁለት ጊዜ ዞርኩና አንድ ሳሙና ይዤ ወጣሁ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ደግሞ የሰፈሬ ሴቶች የእሱን ፌስታል ይዘው በሱቄ በር ሲያልፉ አየሁ። አንዳንዶቹ ፌስታሉን በሽርጣቸው ይሸፍኑታል። ሽፋኑ ከፌስታሉ በላይ አናደደኝ።

በሦስተኛው ወር የእኔን ሱቅ የሚያከራዩኝ ባለቤቱ ሐጂ ኢስማኢል መጡ። ሱፐርማርኬቱ የእኔን ሱቅ ለሽንኩርትና ለድንች ማከማቻ እንደሚፈልገው ነገሩኝ። የተሻለ ይከፍላሉ፣ ለአንቺም ሥራ ይሰጡሻል አሉ። ሥራ አስኪያጁ ሙስጠፋ ራሱ መጥቶ ያንኑ ነገረኝ። ውጭ አገር ያደገ፣ ትሑት፣ ጫማው አቧራ የማይነካው ልጅ ነው። ኤዶ ይለኛል፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። ከኢትዮጵያውያን ደንበኞች ጋር በቋንቋቸው የሚያወራ ሰው እፈልጋለሁ፣ የወር ደሞዝ አለሽ፣ ወንበር አለሽ አለኝ። አንድ ቀን ሞክሪው፣ ከተስማማሽ በዚያው ቀን ቁልፉን ለሐጂ ስጪ። ሐጂም ለአሱር፣ ለከሰዓቱ ሶላት ስመጣ ቁልፉን እቀበላለሁ ብለው ቆረጡ።

ልጄ ሁዳ ደስ አላት። እማ፣ እግርሽ ማበጡን ያቆማል አለችኝ። ውሸቷን አይደለም፣ እግሬ ያብጣል። ድሬዳዋ እያለን አንዲት ጎረቤታችን ነገር ሁሉ ላይ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ትል ነበር። ያን ሌሊት ተረቷ ጆሮዬ ላይ ሲያንቃጭል አደረ። ጠዋት ግን ሱቄን ሳልከፍት ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ መንገዱን ተሻገርኩ። ቢጫውን ጨርቄንም ይዤው ሄድኩ። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ እጄ ለምዶት ነው።

አረንጓዴ ሰደርያ አለበሱኝ፣ ስሜ የተጻፈበት ካርድ ደረቴ ላይ ሰኩልኝ። ቦታዬ አትክልቱ ጋ ነው፤ አንድ ኤሌክትሪክ ሚዛንና አንዲት ትንሽ መክፈያ ባንኮኒ አለኝ። ሙስጠፋ ሥራውን ሲያሳየኝ አንድ ነገር ደጋግሞ ነገረኝ፦ ባንኮኒው ባዶውን አይቀርም፤ ለሶላት በተራ ነው የሚኬደው፣ ሰው ሳይተካሽ እንዳትነሺ። እሺ አልኩ።

ጠዋቱ ረጅም ነበር። የማውቃቸው ሴቶች ሰደርያዬን እያዩ ወይ ይስቃሉ ወይ መንገድ ይቀይራሉ። ጎረቤቴ የነበረች አንዲት አሮጊት ዘይት መደርደሪያው ፊት ብዙ ቆመች። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ በቀስታ አንድ ብርጭቆ ዘይት እንዳለን ጠየቀችኝ። ትንሹ ጠርሙስ ባለ ሊትር መሆኑን ነገርኳት። ጠርሙሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ባዶ እጇን ወጣች። አሥራ ሰባት ዓመት ከእኔ ዘይት ስትገዛ ኖራ ባዶ እጇን ስትወጣ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ሌላ ሰው መጣና ድንች መዘንኩ።

የዙሁር አዛን ተሰማ። የምትተካኝ ልጅ ሌላ ባንኮኒ ጋ ሰልፍ ይዟት እጇን አወዛወዘችልኝ፤ ቆይ ማለቷ ነበር። እኔ ደግሞ ሂጂ ያለችኝ መሰለኝ። መሰለኝ ማለት ይቀላል፤ እውነቱ ግን አዛን ስሰማ እግሬ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቢጫውን ጨርቅ ባንኮኒው ላይ ጣል አድርጌ፣ ጫፉን ሚዛኑ ጋ አስተካክዬ፣ ውዱእ ላደርግ፣ ለሶላት ልታጠብ ወደ ጓሮው ሄድኩ። ምን እንዳደረግኩ እንኳ አልታወቀኝም።

ሰግጄ ስመለስ በሩ አካባቢ ሰው ተሰብስቧል። መጀመሪያ ጨርቄን አነሳሁ። ሳነሳው ሚዛኑ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ ቆሟል። ጠዋት ቀጥ ብሎ ነበር። ከዚያ ወደ በሩ ቀና ስል ጠባቂው ጉሌድ የአንድ ሰው ክንድ ጨብጦ አየሁት። ሰውየው ሲሚንቶ የነካው ሸሚዝ ለብሷል፣ በእጁ አንድ ፓኮ ምስርና በፌስታል የያዘው ሽንኩርት አለ። ደሳለኝ ነው።

ልቤ ወዲያው ሁሉንም አወቀ። ደሳለኝ በምሳ ሰዓቱ መጥቷል። ሱቄ ተቆልፎ አግኝቷል። መንገዱን ተሻግሯል። እዚህ ገብቶ ቢጫውን ጨርቅ ከነተቃጠለው ጫፉ ሲያየው፣ እትዬ ሳህራ እዚህ ናቸው፣ ሶላት ላይ ናቸው ብሏል። ሽንኩርቱን ራሱ መዝኗል፣ የምስሩን ዋጋ መደርደሪያው ላይ አንብቧል፣ ገንዘቡን እንደ ሁልጊዜው አስቀምጦ ወጥቷል። በሩ ላይ ጉሌድ ደረሰኝ ሲለው ደረሰኝ የለውም።

ሙስጠፋ ሲያየኝ ፊቱ ፈካ። በጥሩ ሰዓት መጣሽ ኤዶ፣ አስተርጉሚልን አለኝ። ሰውየው በእጁ ምልክት ከፍያለሁ ይላል፣ ለማን እንደከፈለ ግን አልገባንም። ካሜራው ደግሞ ምስሩን ከመደርደሪያው አንስቶ ቀጥታ ሲወጣ ያሳያል። የእኔ ጥግ በካሜራው እንደማይታይ ጠዋት ሲያስጎበኙኝ ነግረውኝ ነበር። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከሠራተኞቼ አንዱ ባንኮኒውን ትቶ ከሆነ ግን ያ ሰው ዛሬውኑ ይባረራል አለ። እኔን አልጠረጠረኝም። ያ ባሰብኝ።

ወደ ደሳለኝ ዞሬ በአማርኛ ጠየቅኩት።

"የት አደረግከው ገንዘቡን?"

መጀመሪያ ዓይኔን አየ። ከዚያ ደረቴ ላይ ያለውን ካርድ፣ ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ጨርቅ። ሙስጠፋ የተናገረው የገባው ይመስለኛል፤ ሶማልኛ ባይናገርም የአሠሪ ቁጣ ይገባዋል።

"ይተውት እትዬ" አለኝ። "ገንዘቡ መንገድ ላይ ጠፋበት ይበሏቸው።"

ሙስጠፋ ምን አለ ብሎ ጠየቀኝ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። የተናገረውን ቃል በቃል ብተረጉመው ማንም አይወቅሰኝም። አስተርጓሚ የተባለውን ነው የሚለው። ወንበሩ የእኔ ሆኖ ይቀራል፣ ደሞዙ የእኔ፣ ያላበጠ እግር የእኔ። ደሳለኝ ደግሞ የመኖሪያ ወረቀት የለውም። ፖሊስ ከተጠራ ነገሩ በአንድ ፓኮ ምስር አያበቃም፤ መኪና ላይ ጭነው ወጃሌ ድንበር ላይ ይጥሉታል፣ ያልተቀበለው የሳምንት ደሞዝ እዚህ ይቀራል፣ አራቱ ጓደኞቹ ማታ ድስቱን ከበው ይጠብቁታል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄም ዝም አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ፤ የእኔ አፍ ግን ያን ጊዜ የመረረው ዝንብ የገባበት ያህል ነው።

ሙስጠፋ ዝምታዬን እንደ መልስ ቆጠረው። ስልኩን አወጣና ጉሌድን፣ ውጭ አስቀምጠው፣ ፖሊስ እጠራለሁ አለው። ጉሌድ ክንዱን ሲስበው ደሳለኝ አልታገለም። ፓኮ ምስሩን መሬት አልወረወረውም፤ ጎንበስ ብሎ በጥንቃቄ ወለሉ ላይ አስቀመጠው፣ እንዳይቀደድ። ከሁሉም አንጀቴን የበላው እሱ ነው።

"ጉሌድ፣ ልቀቀው" አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። "ገንዘቡ እኔ ጋ ነው።"

ሰው ሁሉ ዞረ። ሄጄ ሚዛኑን በሁለት እጄ አነሳሁት። ስሩ በላስቲክ የታሰረ የሽልንግ ጥቅል ተጋድሞ ነበር፣ ላዩ ላይ ነጭ የሲሚንቶ ጣት አሻራ አለ። ሙስጠፋ ቆጠረው። አልጎደለም።

ከዚያ በሶማልኛ፣ የሚስቁበትን ሶማልኛዬን ሳልፈራ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ባንኮኒውን ትቼ የሄድኩት እኔ ነኝ አልኩ። ጨርቁን የጣልኩት እኔ ነኝ። ይህ ሰው ጨርቄን ሲያይ ሱቄ ውስጥ ያለ መስሎት እንደ ሁልጊዜው ከፍሏል። የት እንዳስቀመጠው ያልነገራችሁ እኔ እንዳልባረር ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ሚዛኑ መዝመሙን ከመጣሁ ጀምሮ እያየሁ ዝም ብዬ ነበር።

ጉሌድ ክንዱን ለቀቀው። የሰፈራችን ሰው ነው፤ ለዓመታት ሻይ ቅጠሉን ከእኔ ሲገዛ ኖሯል።

"እውነቷን ነው" አለ ወደ ሙስጠፋ ዞሮ። "ጨርቁን እኔም አውቀዋለሁ። እዚህ ልብስ ውስጥ ስገባ ረሳሁት እንጂ።"

ሙስጠፋ መጥፎ ሰው አይደለም፣ ደጋግሜ እላለሁ። ፊቱ ቀላ፣ ድምፁን ግን አላነሳም።

"ኤዶ፣ ይሄ የአንቺ ሱቅ አይደለም" አለኝ። "እዚህ ሲስተም አለ። ሲስተሙ ያላየው ገንዘብ እንዳልተከፈለ ነው የሚቆጠረው።"

ያኔ ደሜ ፈላ። "ካሜራህ ሲወስድ አየው፣ ሲከፍል ግን አላየውም" አልኩት። "እኔ አሥራ ሰባት ዓመት ያለ ካሜራ ነግጃለሁ። ሰው ሲከፍለኝ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እየሰገድኩ ነው።"

ዙሪያውን የቆሙት ሴቶች አጉረመረሙ። አንዷ ወላሂ እውነት ነው አለች፤ ፌስታላቸውን በሽርጥ ሲሸፍኑ ከነበሩት አንዷ ናት። ሙስጠፋ ነገሩ እንዲበርድ ፈለገ። ሰውየው ዕቃውን ይዞ ይሂድ፣ የመጀመሪያ ቀንሽ ስለሆነ የአንቺንም ጥፋት አልፌዋለሁ፣ ወደ ሥራሽ ተመለሺ አለኝ። መልካም ነገር ነው ያለው። ልቤም ለአፍታ ወንበሩን አየ፣ አልዋሽም።

"በመጀመሪያ ይቅርታ ጠይቀው" አልኩት።

የጠረጠርነው በአሠራሩ መሠረት ነው፣ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር የለም አለ። የሰው ክንድ መያዝ በአሠራር ከሆነ፣ መልቀቅም ይቅርታም በአሠራር ይሁን እንጂ! ሰደርያውን አወለቅኩ። ካርዱን ነቀልኩ። አጣጥፌ ሚዛኑ ስር፣ ገንዘቡ በነበረበት ቦታ አስቀመጥኩለት። ቢጫውን ጨርቄን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ። ጉሌድ በሩን በአንድ እጁ ሲከፍትልን፣ ሌላውን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለደሳለኝ አንገቱን ደፋለት። ይቅርታ ያልጠየቀው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ጠባቂውማ ጠይቋል።

መንገዱን አብረን ተሻገርን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። መሀል መንገድ ላይ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅኩት፤ አብደሃል ወይ፣ ወጃሌ ቢጥሉህስ አልኩት።

"እኔ ከወጃሌ ተመልሼ እመጣለሁ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ" አለኝ። "የእርስዎ ሱቅ ከተዘጋ ግን የት እሄዳለሁ?"

አላለቀስኩም። ለቅሶ ይዞኝ ነበር፣ ግን መክፈት ያለብኝ ሱቅ ነበረኝ። ደሳለኝ ደግሞ ሰዓቱ ስላለፈ ምስሩን በብብቱ ይዞ ወደ ሕንፃው ሮጠ።

መዝጊያውን ወደ ላይ ስገፋው የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚሰማው ጩኸት አሰማ። ዘይት ያጣችው አሮጊት ከቤቷ ወጥታ ብርጭቆዋን ይዛ መጣች። አፉ ድረስ ሞላሁላት። ከሱፐርማርኬቱ የወጡ ሁለት ሴቶችም መጡ፤ አንዷ ምንም አልፈለገችም፣ ወሬውን ከአፌ ለመስማት ነው። ይሁን አልኩ፤ ወሬም ዕቃ ነው።

የአሱር ሰዓት ሲቃረብ ሐጂ ኢስማኢል ከዘራቸውን እያንኳኩ ደረሱ። ነገሩን ሰምተዋል። ሐርጌሳ ወሬ ከመኪና ይቀድማል። ወንበሬ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ።

"ቁልፉን" አሉ።

"ቁልፉን ልሰጥዎ የነበረው ሥራውን ከወደድኩት ነው። አልወደድኩትም።"

ሱፐርማርኬቱ የሚሰጠውን ቆጠሩልኝ። አርጅተሻል፣ በዚህች ሱቅ አትከብሪም፣ ዓመት ሳይሞላ ራስሽ ትለቂያለሽ አሉኝ። ምናልባት ልክ ናቸው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ የከፈልኩት ኪራይ በእጃቸው እንዳለ አስታወስኳቸው፤ እስከዚያ ወይ ፍንክች አልኳቸው። ሐጂ የሚቆጡበት ቃል እየፈለጉ ሳለ አዛን ተጠራ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንግዳ ሳልሸኝ አልነሳም። ያን ቀን ግን ተነሳሁ። ቢጫውን ጨርቅ ዕቃው ላይ ጣል አደረግኩ።

"ሐጂ፣ እኔ ልሰግድ ነው" አልኳቸው። "መስጊድ ከመሄድዎ በፊት የሚፈልጉት ነገር ካለ ይውሰዱ፣ ሒሳቡን ሚዛኑ ስር ያድርጉልኝ።"

የሱቁን ባለቤት ሱቃቸው ውስጥ ትቻቸው ሄድኩ። ቁልፉም አብሮኝ ሄደ። ሱጁድ ላይ፣ ግንባሬ መሬት ነክቶ እንኳ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሐሳቤ ሱቁ ጋ ነበር። ተመልሼ እመጣለሁ፣ ዕቃዬ ውጭ ተጥሎ አገኘዋለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር።

ስመለስ ሐጂ የሉም። ጨርቁ እንደነበረ ነው፤ አንዱ ጠርዙ ብቻ ተገልጦ በጥንቃቄ ተመልሷል። ከቴምሩ አንዲት ትንሽ ጥቅል ጎድላለች። ሚዛኔ ዘንበል ብሎ ቆሟል። ከፍ ሳደርገው የሐጂ ኢስማኢል ገንዘብ በሥርዓት ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር። ብቻዬን ሱቅ ውስጥ ቆሜ ጎረቤት እስኪሰማ ሳቅኩ።

ከዚያ ወዲህ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ተያዘ። ሐጂ ኪራይ ጨመሩብኝ፣ ግን የቁልፉን ነገር ዳግም አላነሱም። ሱፐርማርኬቱም አልተዘጋም፤ እንዲያውም ሰፋ። ደሳለኝ ወጃሌን አላያትም። ረቡዕ ረቡዕ ምስሩን ይወስዳል፣ እርስዎንም እስካሁን አልተወም። ሁዳ ተቆጥታኝ ሦስት ቀን አላናገረችኝም፤ በአራተኛው ቀን እግሬን በውሃ የምነክርበት ሳህን ገዝታ መጣች። ከየት እንደገዛችው አትጠይቁኝ።

አሸነፍኩ ብዬ አላታልላችሁም። ሩዝ በጆንያ የሚገዙት ደንበኞቼ አልተመለሱም፤ ሩዝ መያዝ ትቻለሁ። እግሬ አሁንም ያብጣል። ለልጅ ልጄ ዳይፐር ስፈልግ እኔም ከማዶ እገዛለሁ፣ ጉሌድ በሩን ይከፍትልኛል፣ ደረሰኜንም ይዤ እወጣለሁ። የሚያሳፍረኝ እሱ አይደለም። የሚያሳፍረኝ ሚዛኑን እያየሁ ዝም ያልኩባት ያች ጊዜ ናት። ስንት ደቂቃ እንደነበረች አላውቅም፣ ግን ሰው ለወንበርና ለደሞዝ ምን ያህል ሊወርድ እንደሚችል በራሴ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ፊት አንገቴን ደፍቼ አላውቅም። የዘንድሮዋን ሳህራ የፈጠረቻት ያች ቀን ናት።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ከፈለጋችሁበት ግዙ። ቅዝቃዜውም ጋሪውም መልካም ነው፤ ርካሽ ነገር አትግዙ የምል ሴት አይደለሁም። ግን አንዲት ብርጭቆ ዘይት የምትፈልግ አሮጊትም ሸማች ናት፣ ለእሷ የሚሸጥ ሱቅ ሲዘጋ ምርጫዋ አብሮ ይዘጋል። ደግሞ በዚያ የመስታወት በር ስትወጡ አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ፦ ደረሰኙ ቢጠፋባችሁ ማን ይመሰክርላችኋል?

የእኔ ሱቅ መሐመድ ሞጌ ነው፣ ከትልቁ መስታወት ፊት ለፊት። በሶላት ሰዓት ከመጣችሁ ቢጫውን ጨርቅ ገልጣችሁ የፈለጋችሁትን ውሰዱ፣ ሒሳቡን ሚዛኑ ስር አድርጉት። ዞሬ አላይም።